ያልተዘጋ ቀይ

ከሰባ ደረጃ ሥር፣ ከሰዓት አዳሹ በላይ፣
ጠባብ ቤት አለን፤ «ሕትመ» ይላል ታፔላው ላይ።
ሁለት ክረምት ሆነ «ት» ከወደቀች፤
ጋሽ እንግዳወርቅ «ነገ» ይላል፣ እሷ መሬት ላይ አረጀች።

የሠርግ ካርድ፣ ደረሰኝ፣ የእድር መተዳደሪያ፣
ለጠፋ ሰው ፍለጋ፣ ለሚከራይ ቤት ማስታወቂያ፣
ሁሉም በጣቴ ያልፋል።
ማሽኑ አሮጌ ነው፤ የፊደልን መልክ አያውቅም፣
በቅንፍ ካልነገሩት በቀር ልመና አይሰማም።
‹ደማቅ› ሲሉት ይወፍራል፣ ‹ሰያፍ› ሲሉት ይጋደማል፣
‹/ደማቅ› ሲሉት ከስቶ ወደ ሰልፉ ይመለሳል።
አራት ነጥብን ያውቃል። ፠ን ግን በስሟ አይጠራትም፣
ቁጥር አላት እንደ እስረኛ፤ ቁጥሯ ካልተጠራ አትወጣም፣
ከተሳሳትኩም በቦታዋ ባዶ ሳጥን ይቆማል፣
ሰው ያልገባበት ኮንዶሚኒየም ይመስላል።

«ልጄ» ብሎኝ ነበር ጋሽ እንግዳወርቅ፣ ሥራ የጀመርኩ ለት፣
«ታግ ማለት በር ነው። ከፍተሽ ከገባሽ ዘግተሽ ውጪበት።
እዝባሯን እንዳትረሺ፣ ያቺን ጋደም ያለች ጭረት።»
እኔ እዝባርን የማውቃት ወይዘሮን ስታሳጥር፣
ገብረ ሥላሴን ስትቆርጥ እንጂ፣ በር ስትቆልፍ አልነበር።

መስከረም ላይ ወይዘሮ ፀዳለ መጡ፣
በደብተር ሉክ ወንድማቸውን ይዘው።
ዘውገ ይባላል። ፊደል ለቃሚ ነበር፣
የእርሳስ ፊደል በመደዳ ሲያሰልፍ አርባ ዓመት የቆመ፣
ገጽን በግልባጩ፣ ከቀኝ ወደ ግራ የሚያነብ።
ለአርባው፣ ሁለት መቶ ቅጂ።
«ጸሎቱ ላይ የመላእክቱ ስም ይቅላ፣ እንደ አባቶች መጽሐፍ፤
ሌላው ጥቁር። ሌላው እንደ ማንም ሰው ይጻፍ።»

‹ቀይ› ብዬ ከፈትኩ። ሚካኤል ብዬ ጻፍኩ።
መብራት ጠፋ።
ፒያሳ በሙሉ ጀነሬተር እያስነሳ ሲያጉረመርም፣
እኔ በር ላይ ቆሜ በቆሎ ጋጥኩ፤ ቅንፌ ትዝ አላለኝም።
መብራት ሲመጣ ካቆምኩበት ቀጠልኩ፤
ካቆምኩበት ማለት፣ ከተከፈተው በር ውስጥ።

ከሚካኤል ወዲህ ሁሉም ቀላ።
የተወለደበት መንደር ቀላ፣
የተማሪ ቤት ቅጽል ስሙ፣ «ጉንዳን»፣ ቀላ፣
የእርሳሱ ብናኝ የጨረሰው ጥርሱ፣
የሠራተኛ ማኅበር ቁጥሩ፣
ጥላው የሄደች ሚስቱ፣
«ዕዳ አልነበረበትም» የሚለው መስመር፣ ከነነጠላ ሰረዙ።
ሁለት መቶ ጊዜ። ደርቆ፣ ታጥፎ፣ ተሰፍቶ።

«ቅዱስ አደረግሽው!» አለ ጋሽ እንግዳወርቅ ራሱን ይዞ፣
«ፊደል ለቃሚን! የቀለሙን ዋጋ ከማን ልቀበል?»

ወይዘሮ ፀዳለ መነጽራቸውን አወጡ፣
አንድ ጆሮው በክር የታሰረ።
ወንበር ስንሰጣቸው እምቢ ብለው፣
በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡ፣
ውጭ ረዳቱ «አራት ኪሎ፣ አራት ኪሎ» እያለ።
ከ«ጉንዳን» ላይ ትንሽ ቆዩ።
ከሚስቱ ላይ አልቆዩም።
መጨረሻው ገጽ ደረሱ፤ «ይህን ያሳተመች፣ እህቱ ፀዳለ»።
አውራ ጣታቸውን ስማቸው ላይ ጫኑ፣
ጠፍቶ እንደሁ ለማየት አነሱ፣ መልሰው ጫኑ።

«እሱስ ይሁን» አሉ፤ «የሌላውን ስም ሲያቀላ ነው የኖረው፣
አንድ ቀን ቢቀላ ምን አለበት።
የኔን ግን አጥቁሪው።
እኔ ገና አለሁ።»

ያን ማታ የመጨረሻዋን ገጽ ብቻ ከፈትኩ።
ከ«ዘውገ» በኋላ፣ ከ«ይህን» በፊት፣
‹/ቀይ› አልኩ።
አንዲት ጭረት፣ ጋደም ያለች፤
ወዲያ ማዶ እሱ፣ ወዲህ ማዶ እሳቸው።

የቀለሙ ሒሳብ ከደሞዜ ተቆርጧል።
«ት»ም እስከ ዛሬ አልተሰቀለችም።